የስጋ ዶሮዎቼ ሆዳቸው ስብ በስብ ሆነ፤ ጥፋቱ የመኖው ነው?

አርቢዋ ከቢሾፍቱ

ሰላም ለሁላችሁም። የማረባው ቢሾፍቱ ነው። በአንድ ዙር 250 የስጋ ዶሮ አስገባለሁ፤ ዝርያቸው ኮብ 500 ነው። ይሄ ስድስተኛ ዙሬ ነው። እስካሁን የሚያስጨንቀኝ የጫጩት ሞት ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ስጋው ራሱ አስጨነቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫጩቶቹን ያስገባሁት ዐቢይ ጾም ሊገባ 3 ቀን ሲቀረው ነው። ጊዜው እንደማይመች ልቤ ያውቀዋል። ግን ጫጩት በወረፋ ነው የሚገኘው፤ ተራሽ ደርሷል ሲሉኝ እምቢ ለማለት አልደፈርኩም። 42 ቀን ሲሞላቸው ጾሙ ሊፈታ ገና 16 ቀን ይቀረው ነበር። ገዢ የለም። ሁለት ምግብ ቤት ትንሽ ትንሽ ወሰዱልኝ፤ ከ180 በላይ ዶሮ እጄ ላይ ቀረ።

የፊኒሸር (ከእርድ በፊት የሚሰጠው የመጨረሻው መኖ) ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ መኖውን አብቃቃሁት። ከ100 ኪሎ ውስጥ 60ው የገዛሁት ፊኒሸር፣ 30ው የተፈጨ በቆሎ፣ 10ሩ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው)። ፋጉሎውን የጨመርኩት ፕሮቲን እንዳይጎድላቸው ብዬ ነው። እየበሉ፣ እየከበዱ ሄዱ። ደስ ብሎኝ ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ ለሊቱን አራት ሆነን ስናርድ አደርን። የመጀመሪያዋን ዶሮ ሆዷን ስከፍት እጄ ስብ ውስጥ ገባ። የሆድ ዕቃውን ሸፍኖ፣ ወደ ፊንጢጣዋ በኩል እንደ ትራስ አብጦ ቁጭ ብሏል። ቢጫ ነው፤ ለስላሳ ነው። በጣቴ መሃል ስይዘው ይቀልጣል። ውሃ ብናፈስበት ሳፋው ላይ ተለጥፎ አልለቅ አለን። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም ያው ናቸው። የኩሽና ሚዛን አመጣሁና የ10 ዶሮ ስብ ለየብቻ መዘንኩ። ትንሹ 71 ግራም፣ ትልቁ 134 ግራም፣ አማካዩ 102 ግራም። ዶሮዎቹ በቁማቸው በአማካይ 2.9 ኪሎ ነበሩ። ከ10ሩ የሦስቱ ጉበት ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ሲነኩት ይፈርሳል።

ከበዓሉ በኋላ አንዱ ደንበኛዬ ደወለ። ወጡ ላይ ዘይት ሰፈፈ አለኝ። ፍሪጅ ያስቀመጠው ደግሞ በአምስተኛው ቀን ሽታው ተቀየረ። አልተቆጣም፤ «አንቺን አምኜ ነው የወሰድኩት» ብቻ ነው ያለኝ። ከቁጣ ይልቅ ያ ነው የጎዳኝ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ይሄ ሁሉ ስብ የመጣው ከበቆሎው ነው? ስቡ ለምን እንዲህ ለሰለሰ? ጎረቤቴ አኩሪ አተር ገዝተሽ ፈጭተሽ ቀላቅይበት ትለኛለች፤ ሌላ ሰው ደግሞ ተልባ ስጪያቸው አለኝ። የቱ ይሻላል? የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

---

የመኖ ሰው

እህቴ፣ ሚዛን ማምጣትሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ አርቢ «ስብ በዛ» ይላል እንጂ ስንት እንደሆነ አይነግርሽም። 102 ግራም ከ2.9 ኪሎ 3.5 በመቶ ነው። በደህና መኖ፣ በ6 ሳምንት የታረደ ዶሮ 2 በመቶ አካባቢ ቢኖረው ያለ ነው። ያንቺ በዝቷል። ደንበኛሽ እውነቱን ነው።

እኔ መኖ ማቀናበር ሥራዬ ነው፤ ስለዚህ ከድብልቅሽ ልጀምር።

ፊኒሸሩ 18 በመቶ ፕሮቲን አለው እንበል። በቆሎ ከ8 እስከ 9 አይበልጥም። የኑግ ፋጉሎ 30 ገደማ ነው። ያንቺን 60፣ 30 እና 10 ስትደምሪው ወደ 16 ይወርዳል። ይሄ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይመስልም፤ አንድ አስረኛው ብቻ ነው የቀነሰው። ጉዳቱ ያለው ላይሲን የሚባለው ላይ ነው። ላይሲን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ዶሮ በራሷ መሥራት ስለማትችል ከመኖው ማግኘት አለባት። በቆሎም፣ ኑግም የሚደኸዩት በላይሲን ነው። በ100 ግራም ፊኒሸር ውስጥ 1 ግራም ገደማ የነበረው ባንቺ ድብልቅ ወደ 0.8 ወርዷል። ፕሮቲኑ በአንድ አስረኛ ሲቀንስ ላይሲኑ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ ማለት ነው።

የጭቃ ቤት ሲሠራ አይተሻል። እንጨቱ አለ፣ ጭቃው ተቦክቷል፣ ጭዱ ተከምሯል፣ ምስማር ግን አለቀ። ግድግዳው ይቆማል፤ የመጣው እንጨት ደጅ ላይ ይከመራል። ዶሮሽም እንደዚያ ናት። ላይሲኑ ሲያልቅ የደረት ስጋ መገንባት ይቆማል። የተረፈው ፕሮቲን ይፈርስና ናይትሮጅኑ በኩስ ይወጣል። የቀረው ወደ ስብ ይለወጣል። በቆሎው ደግሞ በላዩ ላይ ስታርች ይጨምርበታል። መብላቷን አታቆምም፤ የሚጎድላትን ፍለጋ እንዲያውም ልትጨምር ትችላለች። አንቺ «እየከበዱ ነው» ብለሽ የተደሰትሽበት ክብደት ብዙው ስብ ነበር።

ስቡ የሚሠራው የት እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። አሳማ ስቡን የሚሠራው እዚያው ስቡ ውስጥ ነው። ዶሮ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጉበቷ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከዚያ በደም ተጭኖ ወደ ሆድ፣ ወደ ቆዳ ሥር ይሄዳል። ስለዚህ ጉበት ፋብሪካ፣ ሆድ መጋዘን ነው። ከ10ሩ ሦስቱ ጉበታቸው ቢጫ ነበር ማለትሽን ሁለቴ ያነበብኩት ለዚህ ነው። አንዱ ምክንያት ፋብሪካው ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ጭነቱን መላክ ሲያቅተው ነው። ሌላው ምክንያት ግን ይበልጥ ያሳስበኛል፤ አፍላቶክሲን። የሻጋታ መርዝ ነው። ጉበት ውስጥ ገብቶ ስቡ እንዳይወጣ ያግዳል። የኑግ ፋጉሎ ደግሞ በዚህ መርዝ ይታወቃል። አዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች ላይ ችግር የፈጠረውም ኑግ ፋጉሎ መሆኑ ተጠንቶ ታውቋል። ሻጋታው በዓይን ባይታይም መርዙ ሊኖር ይችላል፤ ሙቀት አያጠፋውም። ፋጉሎውን የት አስቀምጠሽው ነበር? ሲሚንቶ ወለል ላይ ከሆነ እርጥበት ይስባል።

አሁን ወደ ልስላሴው። ዶሮ እንደ በሬ አይደለችም። በሬ የበላውን ዘይት ጨጓራው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ለውጠው ያጠነክሩለታል። ዶሮ የበላችውን ዘይት እንዳለ ነው የምታስቀምጠው። የኑግ ዘይት ከ100 ውስጥ 70 እና ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ የሚባል ፈሳሽ የስብ ዓይነት ነው። በትንሽ መጭመቂያ የወጣ ፋጉሎ ደግሞ ብዙ ዘይት ይቀርበታል። ጣትሽ መሃል የቀለጠው ያ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የሸተተውም እሱው ነው፤ እንዲህ ያለ ስብ አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። መብራት እየጠፋ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። ይሄን የሚያዘገየው ቫይታሚን ኢ ነው፤ ከእርድ በፊት ባሉት ሳምንታት በኪሎ መኖ እስከ 200 ሚሊግራም ሲሰጥ ስጋው ሳይሸት ይቆያል። አንቺ ግን ፊኒሸሩን ስታቀጥኚው ቫይታሚኑንም አብረሽ አቀጠንሽው።

ቢጫነቱ ግን በሽታ አይደለም። እሱ የቢጫ በቆሎ ቀለም ነው። ነጭ ማሽላ ብትሰጫቸው ኖሮ ቆዳቸው ይነጣ ነበር።

አኩሪ አተሩን በጥሬው እንዳትሰጪ። አደራ። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፤ እድገታቸው ይቀራል፣ ቆሽት የሚባለው የምግብ መፍጫ ዕጢያቸው ያብጣል። ወይ በደንብ የተቆላ፣ ወይ የፋብሪካ ፋጉሎ ይሁን። ሲቆላ ካረረ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ያው ላይሲኑ ነው። ወርቃማ ሲሆን አውጪው።

ተልባም ዋናውን ችግርሽን አይፈታም። ኦሜጋ 3 ይጨምራል፤ እውነት ነው። ሲበዛ ግን ስጋው ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ስቡም ጭራሽ ይለሰልሳል።

---

ጋሽ ሞጆ

ልጄ፣ እኔ ከዶሮ ጋር 19 ዓመት ኖሬያለሁ። ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ እኔ ከቀን አቆጣጠር ልጨምርልሽ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾሙ በገባ በ14ኛው ቀን ጫጩት ካስገባሽ የፋሲካ ለት 42 ቀናቸው ነው። ሌላ ሂሳብ የለውም። እኔ ግድግዳዬ ላይ በከሰል ነው የምጽፈው። ጫጩት ሻጩ ተራሽ ደረሰ ሲልሽ ለሌላ አርቢ አሳልፊውና የሱን ተራ ውሰጂ። ይደረጋል፤ እኔ ስንቴ ተለዋውጫለሁ።

ሁለተኛ፣ ዕድሜም ያሰባል። ዶሮ ካደገች በኋላ አጥንቱም ስጋውም ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የበላችው ወደ ስብ ነው የሚሄደው። ሴቷ ከወንዱ ቀድማ ትሰባለች። ስለዚህ ማቆየት ግድ ከሆነብሽ ሴቶቹን አስቀድመሽ ሽጪ።

ሦስተኛ፣ ሙቀት። እኛ ሞጆ በጋውን እናውቀዋለን። ቤቱ ሲግል መኖ ይተዋሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። እንዲህ እያሉ ያደጉ ዶሮዎች ደረታቸው ያንሳል፣ ስባቸው ይበዛል። እኔ ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መኖውን ከፍ አደርግና ውሃ ብቻ እተውላቸዋለሁ። ንጋት ላይና ማታ ሲቀዘቅዝ ይበላሉ።

ማቆየት ካለብሽ ደግሞ መኖውን በበቆሎ አታቅጥኚ። ያው ፊኒሸር ሆኖ መጠኑን ቀንሺ። ሁሉም ባንድ ጊዜ መድረስ እንዲችሉ ግን መመገቢያ ጨምሪ፤ አለዚያ ጉልበተኛው ይሰባል፣ ደካማው ይከሳል።

---

አርቢዋ ከቢሾፍቱ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ የመኖ ሰው፣ ያንተን ጽሑፍ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት።

ፋጉሎው ሲሚንቶ ወለል ላይ ነበር። አዎ። ሄጄ ጆንያውን ገለበጥኩት፤ ታችኛው በኩል ተጋግሯል። ስሰብረው ውስጡ አረንጓዴ ነጥብ ነጥብ አለበት። አፈር ሽታ ይሸታል። ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ዶሮዎቹን ለሰው ካበላሁ በኋላ መሆኑ አንጀቴን በላው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጋሼ መጠኑን ቀንሺ ብለዋል። ዋጋውን ካልቻልኩትስ? ምንም ላላቅጥነው?

---

የመኖ ሰው

በርቺ። የቀበርሽው ልክ ነው፤ ለላምም እንዳትሰጪ ልልሽ ነበር።

ማቅጠን ግድ ከሆነ ጉልበቱን ቀንሺ እንጂ ፕሮቲኑን አትቀንሺ። በበቆሎ ፋንታ ፉርሽካ አድርጊ። ፉርሽካ 15 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ጉልበቱ ግን ከበቆሎ በጣም ያንሳል። ከ100 ኪሎ 15 ኪሎ ብታስገቢ እድገታቸው ይዘገያል፤ ስባቸው ግን አይከመርም። በሱ ላይ ኤል ላይሲን የሚባለውን ዱቄት ከታመነ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ግዢና በ100 ኪሎ 150 ግራም ጨምሪ። መጀመሪያ ከ2 ኪሎ በቆሎ ዱቄት ጋር በእጅሽ አሺው፤ ከዚያ ወደ 10 ኪሎ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ። በቀጥታ ከበተንሽው አንዷ ዶሮ ሁሉንም ትበላለች፣ ሌላዋ ምንም አታገኝም።

አንድ ነገር ልናገር፤ ፕሮቲን በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። 24 በመቶ ብትሰጫቸው ስቡ ይቀንሳል፤ ግን የተረፈውን ለማስወጣት ውሃ ይጠጣሉ፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል፣ እግራቸው ሥር ይቆስላል። ገንዘብሽንም በኩስ ታወጪዋለሽ።

እርዱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ሲቀረው መኖ አንሺ፤ ውሃውን ግን እስከ መጨረሻው ተይላቸው። ስትይዣቸው አታባርሪ። ደንግጦ፣ ሲሮጥ ቆይቶ የታረደ ዶሮ ስጋው ይገረጣል፣ ውሃ ይለቃል። መኖሽ ምንም ቢሆን ያኔ ይበላሻል።

---

የድግስ ባለሙያ

እኔ አርቢ አይደለሁም፤ አዲስ አበባ ድግስ እሠራለሁ። ለሠርግ በአንድ ጊዜ 60 ዶሮ ገነጣጥያለሁ። ከምጣዱ በኩል ያለውን ልንገርሽ ብዬ ነው።

ለዶሮ ወጥ የስጋ ዶሮ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የሆዱን ስብ ነው። እኛ ዶሮን 12 ቦታ ከፍለን፣ ቆዳውን ገፈን፣ በሎሚና በጨው ደጋግመን የምናጥበው ለወግ ብቻ አይደለም። ስቡ ካልወጣ ቅቤው ላይ ይደረባል። ቅቤ ሲበርድ ይረጋል፤ የዶሮ ስብ ግን አይረጋም፤ ወጡ አናት ላይ ይንሳፈፋል። ደንበኛሽ ዘይት ሰፈፈ ያለው እሱን ነው። ጠንከር ያለ ስብ ሲሆን በእጅ ተስቦ ባንድ ጊዜ ይወጣል። እንዳንቺዎቹ የለሰለሰ ከሆነ ግን እየተቆራረጠ እጅ ላይ ይቀራል፤ ስጋው መሃልም ተደብቆ ይገባል።

የማይገናኘውን ደግሞ አታገናኙት። ብዙ ሰው የስጋ ዶሮ ወጥ ውስጥ ፈረሰ ብሎ መኖውን ይወቅሳል። ያ የዕድሜ ነገር ነው። የ6 ሳምንት ዶሮ ጅማቷ ገና አልጠናም። የሐበሻ ዶሮ ዓመት ኖራ ነው የምትታረደው፤ እሷን 2 ሰዓት ብትቀቅያት ትችላለች። የስጋ ዶሮ ሽንኩርቱና በርበሬው በደንብ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ለደንበኛሽ ይሄን ንገሪው። እሱም የራሱን ድርሻ ያስተካክል።

---

አርቢዋ ከቢሾፍቱ

ተመልሻለሁ። መስከረም ገብቶ፣ መስቀልም አልፎ ነው የምጽፈው። እስካሁን የዘገየሁት ሚዛኑን ይዤ መምጣት ስለፈለግኩ ነው።

በጋሼ ሂሳብ ለእንቁጣጣሽ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ሐምሌ 24 ሆነ። ጫጩት ሻጩ ሐምሌ 10 ውሰጂ ሲለኝ ተራዬን ከአንድ የዱከም አርቢ ጋር ተለዋወጥኩ። 250 አስገባሁ፤ 9 ሞቱብኝ። ስታርተር (የጫጩት መኖ)፣ ግሮወር (የማሳደጊያ መኖ)፣ ፊኒሸር በየጊዜው ሰጠሁ፤ አንድ ጣሳ በቆሎ አልጨመርኩም። ጆንያዎቹን እንጨት ርብራብ ሠርቼ ከወለልም ከግድግዳም አራቅኳቸው። ክረምት ስለሆነ በየሳምንቱ እጄን እስከ ታች እየሰደድኩ ሙቀቱን አይ ነበር፤ የሞቀ ጆንያ ካለ ሻጋታ ጀምሯል ማለት ነው ብሎኝ ነበር የመኖ ሰው በውስጥ መስመር።

ጳጉሜን 4 እና 5 አረድን። በ41 ቀናቸው በአማካይ 2.2 ኪሎ ነበሩ። እንደ ድሮው 10 መዘንኩ። ትንሹ 36፣ ትልቁ 63፣ አማካዩ 49 ግራም። 2.2 በመቶ። ጉበታቸው 10ሩም ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠርዙ ስል። ስቡን በጣቴ ስይዘው አልቀለጠም፤ እንደ ጨርቅ ተስቦ ባንድ ጊዜ ወጣ። ሳፋው ባንድ ውሃ ጠራ። እናቴ አጠገቤ ሆና «ይሄማ የሐበሻ ዶሮ ይመስላል» አለች። ለኔ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ግን ልቤ አላረፈም። የቀነሰው በመኖው ነው ወይስ በዕድሜው? የፋሲካዎቹ እኮ 57 ቀናቸው ነበር። ስለዚህ 20 ዶሮ ለየሁና ለመስቀል አቆየኋቸው። ያው ፊኒሸር፣ ከ6ኛው ሳምንት በኋላ 15 ኪሎ ፉርሽካና ላይሲኑ ብቻ ተጨምሮበት። መስከረም 16 በ57 ቀናቸው አረድኳቸው። ክብደታቸው 2.7 ኪሎ፤ የፋሲካዎቹን አላከሉም። የሆድ ስባቸው ግን በአማካይ 68 ግራም ነው። 2.5 በመቶ መሆኑ ነው። ጋሼም፣ የመኖ ሰውም ልክ ነበራችሁ። ዕድሜው ትንሽ ጨመረ፤ ትልቁን ያመጣው ግን እኔ በገዛ እጄ ያቀላቀልኩት ነበር።

ደንበኛዬ ጋ 5 ዶሮ በነፃ ላክሁለት። የድግስ ባለሙያዋ ያለችውንም ነገርኩት፤ መጨረሻ ላይ አስገባው አልኩት። በሳምንቱ ደውሎ ለገና 80 አዘዘ።

ጫጩት ለኅዳር 17 አስመዝግቤያለሁ፤ የገና ለት 42 ቀናቸው ይሆናል። የቢሾፍቱ የታኅሣሥ ሌሊት ግን ብርድ ነው። ቅዝቃዜ ሲሆን ለሙቀት ብለው ብዙ ይበላሉ፤ በፍጥነት ያደጉት ደግሞ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ የሚሞቱብኝ በዚያ ወር ነው። በዚህ ከፍታ በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ማታ ማታ ማሞቂያውን እስከ ስንት ዲግሪ ነው የምታቆዩት?